ኒሻኑ አለ፤ ታሪኩ ወዴት አለ?

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ በጦር ሜዳ ለወደቁና በጀግንነታቸው ኒሻን ለተሸለሙ ወጣት መኮንኖች በግቢያችን ውስጥ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ ይቁምላቸው የሚል ሐሳብ ማቅረቡን በቦታው የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ በጭብጨባ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ግን የማን ስም ይጻፍ ወደሚለው ጥያቄ ስንደርስ ጭብጨባው ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ። አንዱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሸለሙት ብቻ ይጻፉ አለ። ሌላው፣ በደርግ ዘመን የወደቁትስ የማን ልጆች ናቸው ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሹን የጦርነት ነገር ከትምህርት ግቢ ይውጣ አለ። በዚሁ ላይ የእራት ሰዓት ደረሰና ተበተንን፤ የተማሪ ክርክር ሆድን አያሸንፍም።

እኔ በዚያን ቀን እጄን ሳላወጣ ቀረሁ። ዝም ማለቴ የምናገረው አጥቼ አይደለም፤ የምናገረው ለአንድ ተናጋሪ በተፈቀደው ሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። ስለዚህ በዚች በስቴንስል በምትባዛው ጋዜጣችን ላይ ጥቂት ገጽ ለምኜ ሐሳቤን ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼ አቀርባለሁ።

የተወለድኩት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። አገሩን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ተጉዛችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ሰው ሁሉ የሚያሳያችሁ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ትልቁን ሐይቅ ነው። አርዲቦ ግን ከእርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ በተራሮች መካከል ተደብቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ መንገደኛ አያየውም። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል። እኛም በልጅነታችን ታላቁ ሐይቅ ውሃውን የሚጠጣው ከእኛ ነው እያልን በከተማው ልጆች ላይ እንኮራባቸው ነበር።

በዚህ ሐይቅ ዳር፣ በአያቴ ቤት ውስጥ፣ አንድ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሙዳይ አለ። በሙዳዩ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ኒሻን ተቀምጧል። ጥብጣቡን ብል በልቶታል፤ ብረቱ ግን እስከ ዛሬ ደኅና ነው። አያቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል፣ ሙዳዩን አውጥታ ኒሻኑን በአመድና በሎሚ ትወለውለዋለች፤ ዱዓ ታደርግበታለች፤ መልሳም ትጠቀልለዋለች። በሕፃንነቴ ጌጥ መስሎኝ አንገቴ ላይ ላንጠልጥለው ብዬ ባነሣው፣ እጄን በጥፊ የመታችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኒሻኑ የታላቅ ወንድሟ ነው። ደሴ በወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የወሎ ረኀብ ባለፈ ማግሥት ወደ ሠራዊቱ ገብቶ፣ በምክትል የመቶ አለቃነት ተመርቆ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ለመመለስ በተደረገው ጦርነት ኦጋዴን ውስጥ ወደቀ። ሲሞት 23 ዓመቱ ነበር። ይህን ስጽፍ የእኔ ዕድሜ ከእርሱ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እርሱ ግን በቤታችን እስከ ዛሬ «ትልቁ ሰውዬ» ተብሎ ይጠራል።

ስሙን አልጽፍም። አልጽፍም የምለው ምሥጢር ሆኖ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከኒሻኑ ጋር አንድ ወረቀት አብሮ መጥቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ የደርግ ማኅተም ያለበት ወረቀት በቤቱ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል የሚል ወሬ በመንደሩ ተሰማ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ማን ያጣራል? አያቴ ባሏ እንደ መከራት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ከጎታ ሥር ቀበረችው። ኒሻኑን ግን ከመሬት አላገባም ብላ እንቢ አለች። «ወንድሜን አፈር ውስጥ አስገቡብኝ፤ ይህን ደግሞ እኔው በእጄ ላስገባ?» ብላ በሙዳዩ ውስጥ፣ ከማተቧና ከድሪዋ በታች ደበቀችው። ከሁለት ክረምት በኋላ ወረቀቱ ተቆፍሮ ሲወጣ እርጥበት ገብቶበት ቀለሙ ፈስሷል። ዛሬ የሚነበበው የማዕርጉ ስምና «በጀግንነት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ወጣት መኮንን የቀረን ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ብረትና አንዲት ቃል። በጀግንነት ምን አደረገ? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ኮረብታ ላይ፣ ከእነማን ጋር? ያዳነው ሰው አለን? የተኮሰው ምን ነበር? ቤተ ሰቡ አያውቅም። አያቴን ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ብዙ ጊዜ ጠይቄአታለሁ። መልሷ አንድ ነው፤ «አላህ ነው የሚያውቀው፤ እኛማ ማን ነገረን?»

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ሰሌዳው ነገር ልመለስ። እኔ የምለው የሰሌዳው ክርክር ከተሳሳተ ቦታ መጀመሩን ነው። ማን ሸለመው ብለን ተጨቃጨቅን እንጂ ምን አደረገ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። የሞተን መኮንን ሁለተኛ ጊዜ የሚገድለው የመንግሥት መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሳይጻፍ ስሙና ኒሻኑ ብቻ መቅረቱ ነው ባይ ነኝ። ይህን አባባሌን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ፤ ለምሳሌውም ከአርዲቦ ብዙ ሳልርቅ ከደሴ ልጀምር።

ፋሽስት ኢጣልያ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአይሮፕላን ደበደበ። ቀኑን ልብ በሉት፤ የወልወል ግጭት ከደረሰ ልክ በዓመቱ ነው፤ እርሱም ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበርና። በደሴው ድብደባ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሡትን ፎቶግራፍ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በመኝታ ክፍላችን ስምንት ነን፤ ስምንታችንም አይተነዋል። ከዚያ ቀን አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ግን፣ ከደሴ እጅግ በራቀ በረሃ፣ እንዲሁ ከመድፍ ኋላ ሆኖ ከአይሮፕላን ጋር ሲታኮስ የሞተውን መኮንን ታውቁታላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ስምንታችን ውስጥ የሚያውቀው አንድም አልተገኘም። እኔም ብሆን የማውቀው ባለፈው ዓመት በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ በአጋጣሚ እጄ ላይ ወድቆ ነው።

ይህ ሰው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ነው። በኦጋዴን ውስጥ የቆራሔን ጦር ያዝዝ ነበር። ቆራሔ ቀደም ባለው ዘመን እንግሊዞችን ለ20 ዓመት ያህል ያስቸገሩት የሶማሌው መሪ ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ከሠሯቸው ምሽጎች አንዱ የነበረበት ቦታ ነው። አፈወርቅ ይህን አሮጌ ምሽግ መሠረት አድርጎ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ወታደሩን በሥርዓት አሰለጠነ። በዚያን ዘመን ከብዙ የጦር አለቆች ዘንድ የነበረው ልማድ ሰልፍን በግንባር ሮጦ መግጠም ስለ ነበረ፣ መሬት ቆፍሮ መቀመጥ ለብዙው ወታደር የፈሪ ሥራ ይመስለው ነበር። አፈወርቅ ግን ከሰማይ የሚመጣውን አውቆታል። ከአይሮፕላን የሚከላከልበት የነበረው አንድ ኤርሊኮን የሚባል የስዊስ መድፍ ነው፤ አንድ ብቻ! እርሱንም በምሽጉ ግንብ ላይ አስወጥቶ ተኳሹ ራሱ ሆነ።

በጥቅምት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የጄኔራል ግራዚያኒ አይሮፕላኖች ቆራሔን ቀን በቀን ደበደቡ። አፈወርቅ በመድፉ አጠገብ እንዳለ በቦምብ ክፉኛ ቆሰለ። ወደ ኋላ ተወስዶ እንዲታከም ቢለምኑትም እንቢ አለ። እንቢ ያለበት ምክንያት ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ። ሞትን ንቆ፣ ወይም ስሜ ይጠራ ብሎ አይደለም፤ እኔ ከዚህ ከወጣሁ ጦሩ አይቆምም የሚል ሒሳብ ነው። ሒሳቡም ልክ ነበር። ቁስሉ መርቅዞ ራሱን ከሳተና ከሞተ በኋላ ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ፤ ኢጣልያኖችም ቆራሔን ያለ ብዙ ውጊያ ያዙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐማንሌ ላይ የኢትዮጵያ ጦር ተከትሎ የመጣውን የጠላት መኪናና ታንክ አድፍጦ መታው እንጂ፣ በዚያ ግንባር የደረሰው ጥፋት ከዚያም የባሰ በሆነ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በአይሮፕላን ወደ ጅጅጋ ሄደው ለሞተው አፈወርቅ የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጡት፤ በሽሽቱ ጥፋተኛ የተባሉትንም አስቀጡ።

አሁን ልጠይቃችሁ። «ደጃዝማች» የሚለው ማዕርግ ብቻ ቢደርሰን ኖሮ ይህን ሁሉ እናውቅ ነበርን? አናውቅም። የምናውቀው ጆርጅ ስቲር የሚባል በደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሎንዶን ታይምስ ጋዜጠኛ ከጦርነቱ በፊት ኦጋዴን ድረስ ወርዶ ሰውየውን በዓይኑ አይቶ፣ በኋላም የሆነውን ጠይቆ፣ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስለ ጻፈው ነው። ይህ ስቲር በሚቀጥለው ዓመት በስፔን የጌርኒካን ከተማ መደብደብ ለዓለም ያስታወቀው ሰው ነው። ጎበዝ ሰው ነበር፤ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን አፈወርቅን ለማወቅ የግድ እንግሊዝኛ ማንበብ ማስፈለጉ አያሳፍረንም?

የኮርያውንም ተመልከቱ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቆች እየተፈራረቁ ዘምተው ከ120 በላይ ሰዎቻችን ወድቀዋል። ከተዋጉት ወጣት መኮንኖች አንዳንዶቹ ከራሳችንም ከአሜሪካም መንግሥት ከፍ ያሉ ኒሻኖችን ተሸልመዋል። በነዚያ ኮረብታዎች ላይ የኢትዮጵያ ቃፊሮች ሌሊት ሌሊት ምን ሲሠሩ እንዳደሩ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደ ሄደ፣ ሰዓቱን ሳይቀር ከአፋቸው ተቀብሎ የጻፈው ግን ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ነው። ማርሻል ያደረገው ምንም ጥበብ የለበትም። ከውጊያው የተመለሱትን ወታደሮች ሰብስቦ፣ ጉዳዩ ሳይረሳ፣ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ በቃ።

ከእኛ መካከል የመጠየቅና የመጻፍ ልማድ አልነበረንም የሚል ሰው ቢኖር ከአርዲቦ የሚወርደውን ወንዝ ተከትሎ እስከ ታችኛው ሐይቅ ይውረድ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በእስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት ሲያስጽፉ ኖረዋል፤ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። እኔ ከእስላም ቤት ተወልጄ ይህን በኩራት የማነሣው የአገሬ ሐይቅ ስለ ሆነ ነው። በብራና ላይ 700 ዓመት ስም ማቆየት የቻለ አገር፣ የ1970 ዓ.ም.ን የአንድ መቶ አለቃ ውሎ 50 ዓመት እንኳ ማቆየት አቃተው።

የሸላሚው መንግሥት ጉዳይ ያስጨነቃቸው ወንድሞቼ ነገሬን በደግ እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበትን ሜዳይ ከሣጥን ሥር የደበቁ አሉ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የአያቴ ተራ ደረሰ። በየጊዜው የሚመጣው መንግሥት የራሱን ጀግና እየሾመ ያለፈውን መንግሥት ጀግና እያስደበቀ ከሄደ፣ ሰሌዳችን በየ20 ዓመቱ መፋቅ ሊኖርበት ነው። ቆራሔ በ1928 ዓ.ም. የተከላከለው መሬትና ያ የአርዲቦ ልጅ በ1970 ዓ.ም. የወደቀበት ምድር አንድ ኦጋዴን ነው። አንደኛውን ያዘመተው ዘውድ፣ ሁለተኛውን ያዘመተው ደርግ መሆኑ እውነት ነው፤ ደርግ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በእኛው ዕድሜ ባሉ ተማሪዎች ላይ ያደረገውንም አልረሳሁም፤ ሊረሳም አይገባም። ግን ወጣቱ መኮንን በረሃ ላይ ሆኖ ያደረገው ነገር መልካም ይሁን ክፉ፣ የሚመዘነው በራሱ በሥራው እንጂ በኒሻኑ ላይ በተቀረጸው ምልክት አይደለም። ለመመዘን ደግሞ መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጦርነት ከግቢያችን ይውጣ ያለው ጓደኛችን የተናገረው ግን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ስለዚህ በቸልታ አላልፈውም። እርሱም እንደ እኔ የወሎ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሁለታችንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የእኛም መንደር መንገድ ዳር ባይሆንም አልተረፈም። ጥይት ሲጮህ ምን እንደሚመስል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መክረም ምን እንደ ሆነ፣ ከሚሸሽ ሰው ጋር አብሮ መሸሽ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። «የጀግና ወሬ የሚያወሩልን ሌላ ዙር እንድንዘምትላቸው ነው» ብሎ የተናገረው ከዚያ ያመጣው ነው እንጂ ከፍርሃት አይደለም። ሲናገር ከኋላ የሳቁበት ሰዎች ቢያፍሩ ደስ ይለኛል።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ለዘመቻ የሚቀሰቅሰው ወሬ ዝርዝር የሌለው ወሬ ነው። «አንበሳ ነበር፤ ነብር ነበር፤ እንደ መብረቅ ወረደባቸው» የሚለው ንግግር ከበሮ ነው። ከበሮ ድምፁ የሚያምረው ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ነው ይሉ የለ? በየበዓሉ የምንሰማው የመታሰቢያ ንግግር ብዙው እንደዚህ ነው። የአፈወርቅን ታሪክ በዝርዝር የሰማ ሰው ግን ከበሮ መምታት አይመጣለትም። የሚመጣለት ጥያቄ ነው። ለዚያ ሁሉ በረሃ አንድ ጸረ አይሮፕላን መድፍ ብቻ የተሰጠው ለምንድር ነው? ከእርሱ በኋላ ጦሩን የሚያዝዝ ሁለተኛ ሰው ለምን አልተዘጋጀም? ሐኪም የት ነበር? የሸሹት ወታደሮችስ ፈሪዎች ብቻ ነበሩ ወይስ ከሰማይ የሚዘንብባቸውን ነገር ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ሰዎች? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ተማሪ ነገ ወደ ጦርነት ሂድ ቢባል ቢያንስ መጀመሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ እውነተኛው ታሪክ ያንተ ወገን ነው፤ ከግቢ አታስወጣው።

አንድ የሚያስፈራኝም ነገር አለ፤ እርሱን ደብቄ ብጽፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። የአያቴን ወንድም ሥራ ፈልጌ ባገኝ፣ ያገኘሁት ከኒሻኑ ያነሰ ቢሆንስ? ምናልባት የሞተው በውጊያ መካከል ሳይሆን በመኪና መገልበጥ ይሆናል። ምናልባት ኒሻኑ ለመቶው ሁሉ የተሰጠ ይሆናል። ምናልባትም አንድ ለአያቴ ልነግራት የማልችለውን ነገር አድርጎ ይሆናል፤ ጦርነት ነውና። ይህን እያሰብኩ ሁለት የዕረፍት ጊዜ ሳልጠይቅ አሳለፍኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት መጽናኛ ቢኖር፣ ምንም ሆኖ ቢገኝ ከአንዲት ከተቦጨቀች ቃል ይሻላል የሚል ነው። ሰውን ሰው የሚያደርገው ያደረገው ነገር ነው፤ ኒሻን ብቻውንማ ቆርቆሮም ይሸከመዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ሰሌዳው ይዘግይ የሚል ነው። ይቅር አላልኩም፤ ይዘግይ። የእብነ በረዱ ዋጋ ለጊዜው ወደ ወረቀትና ወደ ቀለም ይዙር። ከመካከላችን ከየአውራጃው ያልመጣ የለም። ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከባሌ፣ ከወለጋ፣ ከሲዳሞ የመጣን ሁሉ በቤታችን ወይም በጎረቤታችን አንድ ሙዳይ፣ አንድ ሣጥን አይጠፋም። ለዕረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን፣ የአንድ ወደቀ የተባለን ሰው ነገር ከሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠይቀን እንጻፍ። የተሸለመ መኮንን ብቻ ይሁን ብዬም አላጥብም፤ ኒሻን የሚደርሰው አይቶ የሚመሰክርለት አለቃ የተረፈለት ሰው ነው፤ መስካሪዎቹ አብረውት ያለቁበት ምን ያህል ይሆን? ሰውየው ምን ለብሶ ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ማንን ይወድ ነበር፣ በዚያ ቀን ጧት ምን አለ፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚጣል ነገር አይኑር። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱም ይጻፍ፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ እኛ አንቁረጥ።

የታሪክ ክፍል መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የሰማነውን ከገመትነው እንዴት እንደምንለይ፣ ከዕረፍቱ በፊት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢያስተምሩን ደብተሮቻችን ተረት ከመሆን ይድናሉ። ማርክ አይሰጥበትም ብለው የሚቀሩ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ይቅሩ።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላው ወታደር ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። የቃኘው ዘማቾች ከሞላ ጎደል ሁሉም አልፈዋል። የቆራሔን ወታደሮች ለመጠየቅማ ማንም አልቀደመም።

አሁን ስሙን ያልጻፍኩበትን ምክንያት ልናገር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሳስብ ስልክ ደውዬ አያቴን አስፈቀድኳት። ስሙን በጋዜጣ ላውጣው ወይ አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «አንተ ልጅ፣ ስሙንማ መንግሥትም ጽፎት ነበር። ምን እንዳደረገ ሳታውቅ ስሙን ብቻ አውጥተህ ምን ልታደርገው ነው? ዕወቅና ጻፈው፤ ያን ጊዜ እኔም አነብሃለሁ» አለችኝ። አያቴ ማንበብ አትችልም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥራ ነበር፤ ዛሬ ከራሷ ስም በቀር አታስታውሰውም። እንግዲህ የምታነበው የእርሱን ስም ለመማር ፈልጋ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ከአንድ ወር በፊት አንድ ነገር ሰማሁ። በኦጋዴን ዘምተው የተመለሱ፣ በአንድ ክፍለ ጦር አብረውት የነበሩ ናቸው የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ውጫሌ አጠገብ በሕይወት አሉ። ውጫሌ ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ አፄ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈራረሙበት ያ የታወቀው ውጫሌ ነው። በዚያ ውል አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ዓይነት ሆኖ ስለ ተጻፈ ምን እንደ ተከተለ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌው ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፤ የማስታወስ ችሎታቸው ግን ደኅና ነው አሉኝ። በሚመጣው የሴሚስተር ዕረፍት፣ ከአርዲቦ በጧት ተነሥቼ፣ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።

የምጠይቃቸውን ነገር ጽፌ አዘጋጅቻለሁ፤ 31 ጥያቄ ሆነ። ለአያቴ በስልክ አነበብኩላት። ስለ ኮረብታው፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ኒሻኑ የጻፍኩትን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ፣ የእርሷን አንድ ጥያቄ ከሁሉ በፊት እንዳደርገው አዘዘችኝ። እነሆ በደብተሬ ራስጌ ላይ ጽፌዋለሁ።

«ያ አገር ውሃ የለውም ይላሉ። እርሱ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ነው፤ ጥም አይችልም ነበር። ሲሞት ውሃ ጠጥቶ ነበር ወይ? በልልኝ።»